በ71 ብር የሚዘጋ በር

ክቡር አዘጋጅ፣

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ባንኮች ከአንዱ ብድር ተከልክሎ የሚወጣ ሰው የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሲስተሙ አልተቀበለኝም»። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውም ብዙ አይለያይም። መንገድ ተሻግሮ ሌላ ባንክ ይሞክራል፤ እዚያም ያው ነው። «ስምህን ከብሔራዊ ባንክ አስፍቅልሃለሁ» የሚል ደላላ ያገኘዋል። በባለቤቱ ስም ያመለክታል። ሲብስበት አራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል። አራቱም መንገድ ገንዘብና ጊዜ ከመብላት ያለፈ ፋይዳ ስለሌላቸው፣ የብድር ታሪኩ የተበላሸበት ሰው በትክክል ከየት መጀመር እንዳለበት በጋዜጣችሁ በኩል ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰዉ «ጥቁር መዝገብ» የሚለው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ለማን፣ ስንት፣ በምን ዋስትና እንዳበደሩና ክፍያው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ማመልከቻ ሲቀርብላቸው ደግሞ ከዚያው ያያሉ። ተበዳሪው የሚታወቀው በዋናነት በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ማለትም በቲን ነው። ስለዚህ ባንክ መቀየር ወይም ከማራኪ አዘዞ ድረስ ቅርንጫፍ ማማረጥ ምንም አይለውጥም፤ አሥሩ አኃዝ ሁሉም ጋ አንድ ነው። ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ መረጃውን የሚያርመው የላከው አበዳሪ ነው። የሚያመለክቱበት አዲስ ባንክ ያነባል እንጂ አይሰርዝም። ደላላውማ ሊፍቀው የሚችለው ነገር ቢኖር የእርስዎን ኪስ ነው።

እንግዲህ የተከለከለ ሰው ያን ዕለት ከወንበሩ ሳይነሳ የብድር ባለሙያውን አራት ነገር ይጠይቅ። መዝገቡ ላይ ያለው ብድር የየትኛው ተቋም ነው? መቼ የተወሰደ ነው? ቀሪው ስንት ይላል? ሁኔታው «ክፍት» ነው ወይስ «የተዘጋ»? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ሆኖም ቀድሞ ዘግይቶ በኋላ ተከፍሎ ያለቀ ብድርና ዛሬም ዕዳ ያለበት ብድር በአበዳሪ ዓይን ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እስኪዘጋ ድረስ ማመልከቻውን እዚያው ያስቆመዋል።

የእምቢታው ምክንያት የእርስዎ ታሪክ ላይሆንም ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም ገንዘብ እያለ «አሁን አናበድርም» የሚል መልስ ከዚያ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ንጹሕ ሰው በማያውቀው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ከመክረሙ በፊት ይህን ለይቶ ይጠይቅ።

ክፍት የሆነ ብድር ተገኘ እንበል። ግማሹን ጊዜ ተበዳሪው «እኔ'ኮ ከፍዬ ጨርሻለሁ» ይላል፤ ደረሰኝም ያሳያል። አይዋሽም። ችግሩ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ተበዳሪው ማክሰኞ ቅርንጫፉ ሄዶ ቀሪ ዕዳውን ይጠይቃል፤ 36,000 ብር ነው ይባላል። ገንዘቡን አሰባስቦ ቅዳሜ ይመጣና 36,000 ብር ከፍሎ ደረሰኙን ኪሱ ይከታል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን በየቀኑ 17 ብር ከ75 ሳንቲም ገደማ ይቆጥራል። በአራቱ ቀን 71 ብር ተጨምሯል ማለት ነው። ያ 71 ብር አልተከፈለም፤ ብድሩም አልተዘጋም። ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም፣ ለዚህ ያህል ገንዘብ ስልክ የሚደውልም የለም። ቀኑ ግን ይቆጥራል። ክፍያ በተለመደው አሠራር 30 ቀን ሲያልፈው ወደ ልዩ ክትትል ይገባል፣ 90 ቀን ሲሞላው ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል። ሲስተሙ የብሩን ብዛት አይቶ አይራራም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወፍጮ ለመግዛት ሲያመለክት በሩ ላይ የሚጠብቀው ያ 71 ብር ከነቅጣቱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕዳ የሚዘጋበት ቀን ቀድሞ ይቆረጥ፤ «በዚህ ቀን ብዘጋ ስንት ነው?» ተብሎ ዋናው፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለይቶ በጽሑፍ ይወሰድ፤ በዚያው ቀን ይከፈል። ከፍሎ እንደጨረሱ ደረሰኙን ብቻ ይዞ መውጣት አይገባም። ቀሪ ሂሳብ ዜሮ የሚል የብድር ሂሳብ መግለጫ፣ ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚገልጽ ክሊራንስ፣ ዋስትና ከነበረም ለመሬት አስተዳደር ወይም ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚጻፍ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ፣ ሦስቱም ማኅተም ይኑራቸው። እግዱ ያልተነሳለት ካርታ በማኅደሩ ውስጥ እንደታሰረ ይቆያል፤ ቀጣዩ ባንክ ቤቱን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ነው የሚታወቀው።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሞክሼዎች በየቀበሌው ሞልተዋል። ባንክ ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። «ኃይሉ» አንዱ ጋ በዋይ፣ ሌላው ጋ በአይ ይጻፋል፤ «ፀሐይ» በቲ ትጀምራለች፣ በሌላው መታወቂያ በኤስ። አሮጌ ብድር ያለ ቲን በስም ብቻ የተመዘገበ ከሆነ የሰው ዕዳ እርስዎ ጋ ሊለጠፍ፣ የከፈሉትም ከእርስዎ መዝገብ ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ከሆነ የቲን ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያና የቀድሞ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ አያይዞ፣ ብድሩን ለላከው ተቋም ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ማመልከቻው በሁለት ኮፒ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትተው ይያዙት። በቃል የተነገረ አቤቱታ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃን የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል፤ ማመልከቻው ላይ ቁጥሩን መጥቀስ አይከፋም።

በራስ ያልተወሰደ ብድርም ታሪክ ያበላሻል። በቡድን ዋስትና ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የተበደሩ ሰዎች ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ ስለሆነ የድሮው ነገር የተረሳ ይመስላቸዋል። ስም ሲቀየር ዕዳ አብሮ አይጠፋም፤ የቡድን አጋር ያልከፈለውም ይፈለጋል። ለወዳጅ ዋስ የሆነም እንዲሁ ነው። የባንክ የዋስትና ውል ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 መሠረት ባንኩ ባለዕዳውን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ዋስ የሚሆን ሰው ቢያንስ የሚዋስበት ከፍተኛው ገንዘብ በውሉ መጻፉን ይመልከት፤ አንቀጽ 1922 ይህ ያልተገለጸበትን ዋስትና ዋጋ አይሰጠውም። ንግድ ፈቃድ የመለሱ ሰዎችም አሉ፤ ሱቁ ተዘግቷልና ብድሩም የተዘጋ የሚመስላቸው። በግል ስም የተነገደ ዕዳ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ በእርግጥ ያልተከፈለና መክፈልም ያቃተ ብድር። በእኛ ከተማ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥና ቱሪስት ሲጠፋ ስንት ሆቴል፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት የሰሊጥ ነጋዴ እዚህ ውስጥ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት መደበቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሳያሰሉ መክፈል።

ሁለተኛውን ላስረዳ። ቀሪ ዕዳው 400,000 ብር፣ ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን የአንድ ወር ወለድ ብቻ 6,000 ብር ነው። ባለዕዳው «ቅን መሆኔን ላሳይ» ብሎ በየወሩ 5,000 ብር ያስገባል። ክፍያ ቀድሞ ወጪንና ቅጣትን፣ ቀጥሎ ወለድን፣ በመጨረሻ ዋናውን ስለሚነካ ዕዳው በየወሩ ቢያንስ በ1,000 ብር ያድጋል። በዓመቱ 60,000 ብር ከፍሎ ከጀመረበት በላይ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል፤ መዝገቡ ላይም አሁንም የተበላሸ ነው። ያን 60,000 ብር በአንድ ጊዜ ይዞ የክፍያ መርሐ ግብር እንዲሻሻል ቢደራደር ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ድርድር ማለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ችግርን ማውራት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አይወስንም፤ ለበላይ የሚልከው ወረቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወረቀቱን እርስዎ ይስጡት። የብድር ሂሳብ ቁጥሩን፣ ክፍያው የተቋረጠበትን ወርና ምክንያቱን ከማስረጃ ጋር፣ ዛሬ በቅድሚያ የሚያስገቡትን ገንዘብ፣ ከዚያ ስንት በየስንት ጊዜው እንደሚከፍሉና ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ገጽ ተኩል ይጻፉ። ማስረጃ ሲባል የሽያጭ መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቆመ መኪና ከሆነ የጋራዥ ሰነድ ነው። ባንክ ቢያንስ የተጠራቀመውን ወለድ ቀድሞ ማየት ይወዳል። ይህን አሟልቶ የመጣና ባዶ እጁን «እዩልኝ» የሚል እኩል አይታዩም።

መርሐ ግብሩን ሲያስተካክሉ ገቢዎ የሚመጣበትን ወቅት አይርሱ። እዚህ ብዙ ብድር ከመነሻው የተበላሸው በዚህ ነው። የሰሊጥ ነጋዴ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ምርቱ ከመተማና ከሁመራ በኩል ከጥቅምት ጀምሮ ሲወጣ ነው። ሆቴሉ ለጥምቀት ይሞላና ክረምቱን ሙሉ ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ይመላለስበታል። ሁለቱም ግን እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ እኩል ክፍያ ፈርመዋል። በየሩብ ዓመቱ ወይም በሽያጭ ወቅት ከፍ፣ በክረምት ዝቅ የሚል ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ግን የለም። ደግሞም ተስማምተው የፈረሙ ቀን መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል ብለው አይጠብቁ። በአዲሱ መርሐ ግብር ተከታታይ ክፍያ ሳይዛነፍ መታየት አለበት። በአዲሱም ካዛነፉ ሁለተኛ ዕድል ማግኘት ከመጀመሪያው ብዙ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚችሉትን እንጂ ሥራ አስኪያጁን የሚያስደስተውን ቁጥር አይጻፉ።

ዝም ያለ ሰው ደግሞ ቤቱን ያጣል። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ውሉ ውስጥ ይህ ስምምነት ካለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያው የደረሰበት ቀን መቆጠሪያው መጀመሪያ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ገዢ ፈልጎ በባንኩ ፈቃድ ራስ መሸጥ ብዙ ጊዜ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ያመጣል።

ዕዳው ተዘጋ፣ ክሊራንስ ተያዘ። ተበዳሪው ከዚያ በማግስቱ ትልቅ ብድር ቢጠይቅ አይመከርም። አበዳሪው የታረመውን መረጃ እስኪልክ አንድ ሁለት ወር ይጠብቅና ሊያመለክት ያሰበበትን ባንክ መዝገቡን አስቀድሞ እንዲያይለት ይለምን፤ የግምት ክፍያ ከፍሎ፣ ካርታ አስገብቶ በመጨረሻ «ገና አልተስተካከለም» ከመባል ይሻላል።

መልሶ ለመታመን ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የምመርጠው በታገደ ቁጠባ መበደርን ነው። 50,000 ብር በቁጠባ አስቀምጦ ያሳግዳል፤ በእሱ ዋስትና 40,000 ብር ለ12 ወር ይበደራል። በ18 በመቶ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 3,670 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ወለድ በጠቅላላ 4,000 ብር ገደማ ነው፤ ቁጠባው ደግሞ የራሱን ወለድ ያገኛል። «የራሴን ገንዘብ ልበደር?» ብሎ የሚስቅ አለ። የሚገዛው ግን አሥራ ሁለት ጊዜ በቀኑ የተከፈለ ብድር ነው፣ በሌላ መንገድ የማይገኝ። ክፍያውን ባንኩ በየወሩ ራሱ ከሂሳቡ እንዲቆርጥ በቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ያሳስር፤ ቀኑም ደመወዝ ወይም ሽያጭ ከሚገባበት ሁለት ሦስት ቀን ይዘግይ። ደመወዝ ከገባበት ሰዓት ጋር የተሽቀዳደመ ትእዛዝ ባዶ ሂሳብ አግኝቶ ይመለሳልና።

ቁጠባ ለሌለው የመሥሪያ ቤት ወይም የሰፈር ቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ወራት ቆጥቦ የቁጠባውን እጥፍ ያህል ይበደራል፣ ዳኛውም የሚያውቁት አባላት ናቸው። ካርታ የሌለው ነጋዴ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መኪና፣ ማሽን፣ የቤት እንስሳና የመጋዘን እህል ሳይቀር በዋስትና ማስመዝገብ እንደሚቻል ይወቅ። ዕቁብ የሚጥልም የዕቁቡን ገንዘብ በባንክ ሂሳቡ ቢያሳልፍ አይከፋም። ሃያ ዓመት ሳይጓደል ዕቁብ የጣለ ሰው ታማኝነቱ ባንክ ፊት የማይታየው ሁሉም በጥሬ ብር ስላለፈ ነው። በቴሌብር የሚሰጡት እንደ መላ እና እንደኪሴ ያሉ አነስተኛ ብድሮች ለጊዜያዊ ችግር ይጠቅማሉ፤ ባንክ ያለውን የተበላሸ ትልቅ ብድር ግን አይሸፍኑም፣ ክፍያው ከዘገየ ራሳቸው ሌላ ችግር ይሆናሉ።

ስለ አሜሪካ ምክር አንድ ነገር ልበል፤ ከዋሽንግተን የሚደውሉ ዘመዶችና የቲክቶክ መካሪዎች ብዙ ሰው እያሳሳቱ ነውና። እዚያ ሦስት የግል ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ መዝገብ ይይዛሉ፤ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ የዘገየ ክፍያ ከሰባት ዓመት በኋላ ከመዝገቡ ይወጣል፤ ታሪኩ የተበላሸ ሰው 200 ዶላር ያህል አስይዞ ክሬዲት ካርድ ይወስድና እየከፈለ ነጥቡን ያነሳል። ለዚያ አገር ትክክል ነው። እዚህ ኪሳችን ያለው ካርድ በአብዛኛው ከራሳችን ሂሳብ የሚቆርጥ ነው፤ ቪዛ የሚል ስለተጻፈበት የዱቤ ካርድ አይሆንም፣ ነጥብም አያነሳም። «ሰባት ዓመት ልታገስና ይጠፋል» የሚለውም ዋሽንግተን ይቅር። በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አጠቃላዩ የውል ይርጋ፣ ማለትም ዕዳ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ አሥር ዓመት ነው፤ በመሃል ዕዳውን በጽሑፍ ያመነ ሰው ይርጋውን አቋርጦ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። እስከዚያው ወለዱ አይተኛም።

አራጣውን በአጭሩ፦ በወር ከመቶ አሥር ብር ማለት በዓመት ከመቶ 120 ነው፣ ዋናውን ሳይጨምር። ከዚያ የከፋው መያዣው ነው፤ ተፈርሞ መጠኑ ያልተሞላ ቼክ። አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትም በአንቀጽ 693 ወንጀል ነው። ስለዚህ አበዳሪው ቼኩን የፈለገውን ጽፎበት ባንክ ሲወስደው ቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ የሚጠራው ተበዳሪው ነው።

በመጨረሻ በከተማችን ላሉ ባንኮች አንድ ልመና አለኝ። ማመልከቻ ሲመልሱ «ሲስተሙ አልተቀበለም» ከማለት ይልቅ ያገደውን ብድር አበዳሪ ስም፣ የተወሰደበትን ዓመተ ምሕረትና ክፍት ወይም የተዘጋ መሆኑን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይስጡ። ሁለት መስመር ነው። ያቺን ወረቀት የያዘ ሰው በማግስቱ ሄዶ 71 ብሩን ከፍሎ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የብድር ባለሙያ፣ ከጎንደር